ብቻውን የሚሆንበት ክፍል

ወንድሜ ያን ቀን አንድ ሸሚዝ ተኮሰ። ሱሪ አልተኮሰም። «ከወገብ በታች አይታይም» አለኝ። የሐምሌ ሙቀት ነበር፤ ዝናቡ ደጋው ላይ ነው እንጂ እኛ ዘንድ ገና አልጠናም። ከላይ ነጭ ሸሚዝ፣ ከታች ሽርጥ አደረገና መስተዋት ፊት ቆመ። እናታችን አየችውና «ግማሽህ ሙሽራ ነው» አለችው።

«ሌላው ግማሼስ?»

«እሱ ገና ከእንቅልፉ አልተነሳም።»

የመጨረሻው ደህና ቀናችን ይሄ ነው። ማክሰኞ ነበር።

ጽሑፍ ለምጄ አይደለም። የተማርኩት እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ቆቦ ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ። የቤታችን ተማሪ እሱ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሶፍትዌር ተማረ፤ አዲስ አበባ ጥቂት ዓመት ሠራ፤ አባታችን ሲሞት ደግሞ እናታችንን ብቻዋን አልተዋትም ብሎ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ኔትወርክ ሲኖር በኢንተርኔት ለሩቅ ሰዎች ቁርጥራጭ ሥራ ይሠራል። ኔትወርክ ሲጠፋ ከኔ ጋር መናኸሪያ ቁጭ ብሎ ባጃጄን ይሰድባል።

ቁርጥራጩ ሥራ እየቀነሰ ሄደ። ወይ አዲስ አበባ መመለስ ነው፣ ወይ ቆቦ ተቀምጦ የሚሠራው ቋሚ ሥራ ማግኘት ነው። አንድ ትልቅ የቴክኖሎጂ ድርጅት ነበር፤ በያላችሁበት ሆናችሁ ሥሩ ይላል። ወንድሜ አመለከተ። የመጀመሪያውን ዙር አለፈ፣ ሁለተኛውንም አለፈ። የድርጅቱን ስም አልጽፈውም። ስም የሚጠራው ለአክብሮት ነው።

የመጀመሪያው ዙር ላይ ያናገረችው ሴት «እኛ እዚህ ሠራተኞች አይደለንም፣ ቤተሰብ ነን» አለችው። ማታ ራት ላይ ለእናታችን ነገራት።

«ስንት ናቸው?» አለች።

«ኧረ ቁጥር የላቸውም። በየአገሩ ናቸው።»

«ታዲያ ሰው ሲሞትባቸው እንዴት ይደርሳሉ? ቅሬ አላቸው?»

ቅሬ ማለት እኛ ዘንድ ለቀብርና ለለቅሶ የምንደራረስበት ማኅበር ነው። ቅሬ የሌለው ሰው ቆቦ ውስጥ የለም። ክፉ ሰው እንኳ ቅሬ አለው።

«የላቸውም እማዬ።»

«አይ፣ ታዲያ ምን ቤተሰብ አለ» አለችና ሳህኑን አነሳች። እኛ ሳቅን። አሁን ሳስበው ስለዚያ ድርጅት ከሰማሁት ሁሉ ልክ የነበረው ይሄ ብቻ ነው።

ከቃለ መጠይቁ በፊት የነበሩትን ሳምንታት ጠያቂው እኔ ነበርኩ። ጥያቄዎቹን ከስልኩ እያነበብኩ በእንግሊዝኛ እጠይቀዋለሁ። የእኔ እንግሊዝኛ እንደ ባጃጄ ነው፤ ዳገት ላይ ይቆማል። እሱ ግን እንደ እውነተኛ ጠያቂ ቆጥሮኝ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል።

«ትልቁ ድክመትህ ምንድን ነው?»

«ለጥራት ከመጠን በላይ መጨነቄ።»

«ይሄ ድክመት ነው?»

«አይደለም። ግን እንዲህ ነው የሚባለው።»

«ውሸት ነዋ።»

«ውሸት አይደለም፤ መልስ ነው።»

«ትልቁ ድክመትህ ካልሲህን አለማጠብህ ነው።»

«እሱን መጨረሻው ዙር ላይ እነግራቸዋለሁ። ደሞዝ ስንነጋገር።»

አንድ ጥያቄ ነበር፤ ከሰው ጋር ተጣልተህ እንዴት እንደታረቅህ ንገረን የሚል። ወንድሜ አንድ ጊዜ በመስኖ ውሃ ተራ ሁለት ጎረቤቶች ተጣልተው ከሽማግሌዎች ጋር ገብቶ ያስታረቀበትን ነገር ነበረው። ጥሩ ታሪክ ነው፤ ለእርቁ የታረደው በግ ሁሉ አለበት። ሁለተኛው ዙር ላይ ነገራቸው። «ጥሩ ነው፤ ግን ውጤቱ በቁጥር የሚለካ ምሳሌ ቢኖርህ ይሻላል» አሉት። ሁለት ሰዎች ዛሬ አብረው እየበሉ ነው። ይሄ በቁጥር ምን ይሆናል? ወንድሜ ግን ጎንበስ ብሎ ሌላ ምሳሌ ፈለገላቸው። እኔ ብሆን ኖሮ… እኔ አይደለሁም፤ ልተወው።

ማክሰኞ ሦስተኛው ዙር ነበር። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ አንደኛው እንግዳም፣ አልጋም፣ የማሽላ ጆንያም ያለበት ነው። ላፕቶፑ እዚያ ተቀመጠ። የእኔ ሥራ ደጅ ቆሞ ፍየልና ሕፃን ማባረር ነበር። መስኮቱ ክፍት ስለነበረ ሁሉንም ሰምቻለሁ፣ ግማሹንም አይቻለሁ። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ እንደገባኝ እጽፈዋለሁ። እንግሊዝኛ አንተና አንቱ አይለይም። እኔ አንተ እያልኩ ብጽፍ ከድምፃቸው ተነስቼ ነው።

ሰውዬው ትልቅ ማዳመጫ ያደረገ፣ ወጣት፣ ፊቱ የታጠበ ነው። «እንዴት ነህ?» አለ። ወንድሜ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ፤ አንተስ እንዴት» ብሎ ሳይጨርስ ሰውዬው ወደ ጥያቄው ሄዷል። እኛ አገር ሰላምታ የማይጠብቅ ሰው ወይ ዕዳ ጠያቂ ነው፣ ወይ ቤቱ እየተቃጠለ ነው።

ጥያቄው እንዲህ ነው። የተለያየ ቁመት ያላቸው ግንቦች ጎን ለጎን ቆመዋል። ዝናብ ቢዘንብ በግንቦቹ መሃል ምን ያህል ውሃ ይታቆራል? ይህን የሚያሰላ ፕሮግራም ጻፍ። ወንድሜ ጥያቄውን ሲሰማ ፈገግ አለ። እኔም ደጅ ቆሜ ፈገግ አልኩ። ውሃን ለራያ ሰው መጠየቅ!

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ ወንድሜ። «ዝናቡ እዚያው ነው የሚዘንበው? እኛ ዘንድ ውሃ ዝናብ ሳይኖር ይመጣል። ተራራው ላይ ይዘንብና እኛ ጋ ሰማዩ ጠርቶ ይደርሳል።»

ሰውዬው ሳቀ። «እሱ እንደሌለ አድርገህ ውሰደው» አለ።

ወንድሜ እንደሌለ አድርጎ ወሰደውና መጻፍ ጀመረ። እየጻፈም ያስረዳል፤ ጮክ ብለህ አስብ ይላሉ። እነሱ ውሃ የሚሉት ጭቃ የሌለው፣ ድንጋይ የማይገፋ፣ ከየትም የማይመጣ፣ ዝም ብሎ የሚተኛ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ውሃ አይቼ አላውቅም። ወንድሜ ግን አወቀበት። ድምፁ እየጠነከረ ሄደ። ሰውዬው «ጥሩ፣ ጥሩ» ይላል። ልክ እንደሆነ ደጅ ሆኜ አወቅሁ፤ ወንድሜ ልክ ሲሆን ግራ እግሩን ያወዛውዛል።

ይሄኔ እናታችን ሼኹን ይዛ መጣች።

ሼኹ የጎረቤታችን አባት ናቸው። እኛ ዘንድ መንገድ የሚሄድ፣ ሚስት የሚያገባ፣ ፈተና የሚቀመጥ ሰው ያለ ዱአ አይሸኝም። ወንድሜ «ሲያልቅ ይደረግልኛል እማዬ» ብሏት ነበር። እሷ ግን «ዱአ ጉዳዩ ሳለ ነው እንጂ ካለቀ በኋላማ ምስጋና ነው» ብላ ሄዳ ጠራቻቸው። በትራቸውን ይዘው፣ መቁጠሪያቸውን ጠቅልለው በአጠገቤ አለፉ። ማን ይከለክላቸዋል። ትከሻቸውን ሳምኩ።

«አሰላሙ አለይኩም» ብለው ገቡ።

ወንድሜ ተነሳ። ሽማግሌ ሲገባ ተቀምጦ መቆየት አያውቅም፤ እግሩ ከሱ ቀድሞ ይነሳል። ሲነሳ ሽርጡ ስክሪኑ ላይ ታየ። «ወአለይኩሙ ሰላም ሼኽዬ፣ ይግቡ» አለና እጃቸውን ሳመ፤ ከጆንያው ጎን አስቀመጣቸው፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ሰውዬው «ሁሉም ሰላም ነው?» አለ። «ሰላም ነው፣ ይቅርታ» አለና ቀጠለ።

ሼኹ ዱአቸውን ጀመሩ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ንብ ቀፎ ውስጥ እንዳለች ዓይነት። መቁጠሪያው በጣታቸው መሃል ቀጭ ቀጭ ይላል። ሰውዬው ጥቂት አዳመጠ። ከዚያ እጁን አነሳ።

«ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አለ?»

«አዎ፣ የጎረቤት አባት ናቸው።»

«ምን እያለህ ነው?»

«እኔን አይደለም። ጸሎት እያደረጉ ነው።»

«ለምን?»

«ለእኔ።»

«የሚተይብ ሰውም እሰማለሁ» አለ ሰውዬው።

«መቁጠሪያ ነው። የጸሎት መቁጠሪያ።»

«ካሜራውን አዙረህ ክፍሉን ልታሳየኝ ትችላለህ?»

ወንድሜ አዞረው። ጆንያው፣ አልጋው፣ የአባታችን ፎቶ፣ ከዚያ ሼኹ። ሼኹ የሰው ፊት ሲያዩ ዱአቸውን ገታ አድርገው በበትራቸው ተደግፈው ለመነሳት ሞከሩ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «መርሀባ» አሉት። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ ጻፈ።

«ጌታው ይሄ ነው?» አሉ ሼኹ።

«አዎ ሼኽዬ።»

«ፊቱ ገርጥቷል። በደንብ አይበላም መሰለኝ።»

ከዚያ ሰውዬው ያን ዓይነት ንግግር ተናገረ። ለሁሉም አመልካች እኩል ለመሆን ሲባል፣ እዚህ ላይ ማቆም እንዳለበት፣ ያየውንና የሰማውን መመዝገብ ግዴታው እንደሆነ። ወንድሜ «መልሱ የኔ ነው፤ እያንዳንዱን መስመር አሁን ላስረዳህ» አለ። «አልጠራጠርም» አለ ሰውዬው። «ግን የሰማሁትን ነው የምጽፈው።» የሰማው ሹክሹክታና የሚተይብ ሰው ነው። ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሌላ ዕድል እንደሚሰጠው ነገረው፤ ብቻውን በሚሆንበት ጸጥ ያለ ክፍል። ፈገግታው መጀመሪያም መጨረሻም አንድ ነበር። እንዲህ ያለ ፈገግታ የሱቅ መስኮት ላይ የቆመ አሻንጉሊት ነው ያለው።

አንድ ሽማግሌ ለሰው ልጅ ዱአ ሲያደርጉ ሰምቶ ስርቆት የመሰለው ሰው ምን ዓይነት ቤት ነው ያደገው? እውነቱን ለመናገር አላዘንኩለትም። ናቅሁት። እስካሁንም እንደናቅሁት ነኝ።

ወንድሜ ላፕቶፑን ከደነና ሼኹ ፊት ተቀመጠ። «ያሳርጉልኝ» አለ። አሳረጉለት። «አሚን» አለ። እናታችን በሩ ላይ ቆማ «እንዴት ሆነልህ የኔ አባት?» ስትለው «ጥሩ ነበር። ሐሙስ ድጋሚ ቀጥረውኛል» አላት።

«አላልኩህም?» አለች። ደስ ብሏት ሼኹን ልትሸኝ ወጣች።

እኔና እሱ ብቻ ስንቀር ነው የተናገረው። ሸሚዙን እያወለቀ ነበር።

«ሌባ ነው ያሉኝ» አለ።

«አላሉህም እኮ።»

«በትህትና ነው ያሉኝ። ስማ፣ ሥራውን ባላገኝ ግድ የለኝም፤ አዲስ አበባ እመለሳለሁ፣ እማዬም ትለምደዋለች። ይሄ ነገር ግን እንዲህ ተጽፎ መቅረት የለበትም። ሐሙስ ብቻዬን ቁጭ ብዬ እሠራዋለሁ። ያጠፉታል።»

«ለነሱ ብለህ ነው የምትጨነቀው?»

«ለሼኹም ነው» አለ። «እሳቸውም እኮ አብረው ተጽፈዋል።»

ያኔ ግን ጥያቄው ሌላ ሆነ። ሰው ብቻውን የሚሆንበት ክፍል ከየት ይምጣ? የኛ ቤት በር ቀን ቀን አይዘጋም፤ የተዘጋ በር ያየ ጎረቤት የታመመ ሰው አለ ብሎ ይገባል። ሆቴሎቹ ከአስፋልቱ ዳር ናቸው፤ የጭነት መኪናና የባጃጅ ጥሩምባ አይለያቸውም። በመጨረሻ አንድ አብሮ አደግ ትዝ አለው፤ ከሆርማት ወንዝ ማዶ የመስኖ ፓምፕ የሚጠብቅ ልጅ። እዚያ ከቆርቆሮ የተሠራች ክፍል አለችው፤ የሶላር መብራት አለ፤ ሰው አይደርስባትም፤ ኔትወርኩም ከከተማው ይሻላል ይባላል። ረቡዕ ጠዋት ሄዶ አይቷት ሊመለስ ተነጋገሩ።

ረቡዕ በማለዳ ወጣ። ላፕቶፑን አልያዘም፤ ክፍሉን ሳላይ አላንከራትተውም አለ። በእግሩ ነው የሄደው። ላድርስህ ብዬው ነበር፤ «ባጃጅህ አሸዋው ላይ ትሰምጥና እኔ ነኝ የምገፋው» አለኝ። ከሱ ጋር የተነጋገርነው መጨረሻው ይሄ ነው። የተለየ ነገር አልተባባልንም።

ሆርማት አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። አሸዋና ድንጋይ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሌሊቱን ደጋው ላይ ዘንቦ ነበር። ቆቦ ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ይሄን የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም። እናታችን ልጅ ሆነን ያስተማረችን አንድ ነገር ቢኖር፣ ደረቅ ወንዝ ከመሻገራችሁ በፊት ቁሙ፣ አፋችሁን ዝጉ፣ አድምጡ የሚል ነው። ደራሽ ውሃ ሳይታይ ይሰማል። ድንጋይ እያንከባለለ ስለሚመጣ ከሩቅ እንደ ከባድ መኪና ያጉረመርማል። የሰማ ሰው ይተርፋል።

ወንድሜ ክፍሉን አይቶ ሲመለስ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ነበር። ውስጡ ያለውን አውቀዋለሁ፤ ያን ሰሞን ሌላ ነገር አያዳምጥም ነበር። አንድ ሰውዬ በቃለ መጠይቅ ላይ በራስ መተማመን እንዴት እንደሚታይ በእንግሊዝኛ የሚያስተምርበት ነው። ትከሻህን ዘና አድርግ፣ ቶሎ አትመልስ፣ ፈገግ በል። እኔም ሰምቼዋለሁ። እንደዚያ ያለ ባዶ ነገር በሕይወቴ አልሰማሁም። እሱን እየሰማ ነው ወንዙ ውስጥ የገባው።

ማዶ ላይ ጎርፉን ወደ ማሳቸው ለመጥለፍ አካፋ ይዘው የወጡ ገበሬዎች ነበሩ። እነሱ ሰምተዋል። ጮሁለት፣ እጃቸውን አወዛወዙለት። አንደኛው በኋላ ለቅሶ ላይ ነገረኝ። «እጁን አነሳልን» አለ። «ሰላምታ መስሎት። እጁን አንስቶ ሰላም አለን።» ከዚያ በላይ አልጠየቅሁትም።

እኔ መናኸሪያ ሆኜ ተሳፋሪ እየጠበቅሁ ነበር። አንድ ባጃጅ ነጂ መጥቶ አጠገቤ ቆመና ሞተሩን አጠፋ። እኛ ሞተር አናጠፋም። ሲያጠፋ አወቅሁ።

ታች ዝቅ ብሎ፣ ጎርፉ ከሚበተንበት ሜዳ አጠገብ ነው ያገኙት። እኩለ ቀን ሳይሆን ቤት ገባ። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። የቅሬው ሰዎች ከኛ ቀድመው ደርሰዋል፤ ዳሱን ማን እንደተከለ፣ ከፈኑን ማን እንዳመጣ፣ መቃብሩን ማን እንደቆፈረ አላየሁም፤ ሁሉም ተደርጎ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከአስር ሶላት በኋላ ቀበርነው። ሼኹ ናቸው ያሰገዱበት። ወደ ጉድጓዱ ወርደው ከተቀበሉት አንዱ እኔ ነኝ። ጠባብ ነው። ጸጥ ያለ ነው። ብቻውን ነው። ከዚህ የተሻለ ክፍል ማግኘት አይችሉም፤ የጠየቁትን አገኙ።

ያን ዕለት ለቅሶ ላይ አንድ ከሮቢት የመጣ ዘመድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ያ የፈረንጅ ሥራ ተገኝቶለት ነበር እንዴ?» አለኝ። በሕይወት የሌለ ሰው እንኳ ዙር አልፎ እንደሆነ ይጠየቅለታል። እነሱ ብቻ አይደሉም ማለቴ ነው። በሽታው ይጋባል።

ሐሙስ ጠዋት ዳሱ ውስጥ ሰው ሞልቷል። ከዋጃም፣ ከሮቢትም የመጡ አሉ፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አንድ ጥግ ተቀምጠዋል። እናታችን ከሴቶቹ ጋር ውስጥ ናት። ድምጿ አልቋል። ከዚያ ከክፍሉ ውስጥ ደወል ጮኸ። ማንም አላወቀም፤ እኔ አወቅሁ። ላፕቶፑ ነው። ቀጠሮ ሲደርስ እንዲያስታውሰው አዞት ነበር። ባለቤቱ የለም፣ እሱ ግን ያስታውሳል።

ገባሁ። መጀመሪያ ላጠፋው ነበር። የሚስጥር ቁልፉን አውቀዋለሁ፤ የእናታችን ስም ነው። ከፈትኩት። ስክሪኑ ላይ «ግባ» የምትል አንዲት ሰማያዊ ምልክት ትበራለች፤ ነካኋት። ለምን እንደነካኋት ያኔ በደንብ አላወቅሁም። «ያጠፉታል» ያለው ነገር ጆሮዬ ላይ ነበር። እሱ ካልቀረበ ማን ያስጠፋዋል?

ሌላ ሰው ነው የወጣው፤ ሴት ናት። ከኋላዋ መጻሕፍትና አንድ አረንጓዴ ተክል አለ። አላየችኝም፤ ሌላ ነገር እያነበበች ነው።

«ደህና አደርክ። ከመጀመራችን በፊት፣ ክፍሉ ውስጥ ብቻህን ነህ?»

የመጀመሪያ ቃሏ ይሄ ነው። እንግሊዝኛዬን ሰበሰብኩ።

«እኔ እሱ አይደለሁም» አልኩ። «ወንድሙ ነኝ።»

ቀና አለች። «ይቅርታ፣ ይህ ቀጠሮ ለአመልካቹ ብቻ ነው።»

«ሞቷል።»

«ምን አልክ?»

«ትናንት ሞተ። ውሃ ወሰደው።»

አፏን ከፈተች። «በጣም አዝናለሁ» አለች። ለአንዲት ቅጽበት እውነት ያዘነች መሰለኝ። ከዚያ አፏ ወደ ለመደው መንገድ ሄደ። «ቀጠሮውን ወደ ሌላ ጊዜ እንድናዛውረው ትፈልጋለህ?»

«ወደ የት?» አልኳት።

ፊቷ ቀላ። «ይቅርታ። ማለቴ…» አለች። ክፉ ሴት ናት አልልም። አንድ መንገድ ብቻ የሚያውቅ አፍ ነው ያላት።

«አንድ ነገር አለኝ» አልኩ። ቃሉን በየተራ ነው የማወጣው። «ማክሰኞ አንድ ሰው ጽፏል። ሰው መልስ ይነግረዋል ብሎ ጽፏል። ውሸት ነው። እሱን አጥፉት።»

«የሌላ ጠያቂ ማስታወሻ እኔ መለወጥ አልችልም» አለች። «ሥልጣኑ የለኝም። ማድረግ የምችለው ማመልከቻውን መዝጋት ነው። አመልካቹ ራሱን አግልሏል ተብሎ ይዘጋል።»

«አላገለለም።»

«ገብቶኛል። ግን ሥርዓቱ ውስጥ ያለው ምርጫ እሱ ነው።»

መቶ ዓይነት ዝናብ፣ መቶ ዓይነት ግንብ የሚያስቡ ሰዎች ናቸው። ሰው ይሞታል ብለው ግን አላሰቡም። እንደሌለ አድርገው ወስደውታል።

ላፕቶፑን አነሳሁና ይዤው ወጣሁ። ዳሱ መሃል ቆሜ ዞርኩ፤ ማክሰኞ ወንድሜን አዙር እንዳሉት አዞርኩላት። ገበሬዎቹን፣ ባጃጅ ነጂዎቹን፣ ነጠላ ያዘቀዘቁትን፣ ከመቃብሩ የተመለሰውን አካፋ፣ ደጅ ላይ የተደረደረውን ጫማ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልጁ አበደ ያሉም ይኖራሉ።

«ክፍሉ ይሄ ነው» አልኳት። «ብቻውን አልነበረም።»

ከዚያ ሄጄ ሼኹ ፊት፣ ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩት።

«ሼኽዬ፣ እነዚያ ሰዎች ናቸው።»

አጎንብሰው አዩ። «ሌላ ናት እኮ» አሉ።

«ቤታቸው አንድ ነው። ማክሰኞ ያሉትን ይበሉላቸው፤ ይስሙት።»

«ምን ነበር ያልኩ?»

«ዱአውን።»

ለምን አላሉኝም። መቁጠሪያቸውን ፈቱ፣ እጃቸውን ዘረጉ። ያው የንብ ድምፅ ነው። ያው ቀጭ ቀጭ ነው። ለወንድሜ መንገዱን እንዲያሰፋለት ማክሰኞ የለመኑበት ቃል ነው፤ አሁን ደግሞ ቀብሩን እንዲያሰፋለት ለመኑበት፤ ቃሉ ብዙ አልተለወጠም። ዳሱ ሁሉ እጁን ዘርግቶ «አሚን» አለ። ነጠላ ያዘቀዘቁትም «አሜን» አሉ። ሴትየዋ ስክሪኑ ላይ አንድ ነገር ተናገረች፤ አሚኑ ሸፈነው። ወደ ጎን አየች፤ ሰዓት ይመስለኛል። እንደገና «አሚን» ተባለ። ከዚያ ምስሏ ጠፋ።

ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ዱአ ሳይደረግ አይነሳም። የቸኮለ ይቸኩላል እንጂ አይነሳም። ሊያስር የመጣ ፖሊስ እንኳ ቁጭ ብሎ አሚን ብሎ ነው የሚያስረው፤ አይቻለሁ።

ሼኹ ፊታቸውን በእጃቸው አበሱና ላፕቶፑን አዩ።

«ሄዱ?»

«ሄዱ ሼኽዬ።»

«ሳናሳርግ?»

«ሳያሳርጉ።»

«አያውቁ ይሆናል» አሉ። «የሚነግራቸው ሽማግሌ የላቸው ይሆናል።»

እሳቸው እንዲህ ናቸው። እኔ አይደለሁም። ያ ጽሑፍ ዛሬም እዚያው እንዳለ አውቃለሁ፤ ወንድሜ ራሱን አግልሏል፣ ሼኹ መልስ ሹክ ብለዋል ይላል። ይበል። ወንድሜ ንጹሕ ስለመሆኑ የነሱን ምስክርነት መፈለጉ ነው የሚቆጨኝ። የሚያውቀው ሰው ሁሉ ዳሱ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ላፕቶፑን ከደንኩትና ጆንያው ላይ አስቀመጥኩት። የተተኮሰው ሸሚዝ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል፤ አልነካሁትም። ጀሪካኑን አንስቼ ለለቀስተኛው ከሶላት በፊት የሚታጠብበትን የውዱእ ውሃ ልቀዳ ወደ ቧንቧው ሄድኩ።